ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው

እናቴን ልጠይቅ ሄጄ የመግቢያ ትኬት ቁረጪ ተብያለሁ። ከአቦቦ ወዲያ ባለችው መንደራችን፣ ባደግኩበት ጎጆ በር ላይ፣ አዲስ የተቀጠረ ዘበኛ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። እናቴ እታገኝ ከውስጥ ሆና ድምፄን ሰማችና፣ «ተዋት፣ ቤርሳቤ ናት፤ እሷም ከዕቃዎቹ አንዷ ናት» አለችው። ዘበኛው ፈገግ እንኳ ሳይል አሳለፈኝ። ጋምቤላ ከተማ ባለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ተቀምጬ የመዘምራን ካባ ስሰፋ ይህ ነገር ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ሆዴን ያባባዋል።

መንደራችን ቁጥር እንጂ ስም የላትም። ቁጥሯን ብነግራችሁም ምንም አይጠቅማችሁ። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ድርቅ ወሎን ሲፈጀው፣ ከየደጋው ተጭኖ እዚህ ቆላ የተራገፈ ሕዝብ ነው የቆረቆራት። እናቴና አባቴ ውቤ የደላንታ ሰዎች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ውርጭ ከሚወርድበት አገር ተነሥተው፣ ጥላ ሥር የቆመ ሰው እንኳ የሚያልበው አገር ገቡ። ጎጆዎቹ በገመድ እየተለኩ በመስመር የተሠሩ፣ በራቸውም ቁመታቸውም አንድ ዓይነት ነበር። አባቴ ጠላ የቀመሰ ዕለት የሰው በር ሲያንኳኳ ያመሽ ነበር ይባላል። እናቴ ይህን ስታወራ ትስቃለች፤ ስትስቅ ደግሞ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች።

ከእነዚያ ሁሉ ጎጆዎች ዛሬ የቆመው የእኛው ብቻ ነው። ሌላው ፈርሶ በቆርቆሮ ቤት ተተክቷል። የባህል ቢሮ ሰዎችም «የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ቤት» ብለው ሙዚየም ያደረጉት ለዚህ ነው። ውስጡ ሞፈርና ቀንበር አለ፤ በሬዎቹን ገንዲ የሚሉት የቆላ ከብት በሽታ ከጨረሳቸው በኋላ ሥራ ፈቶ የቀረ ነው። ኩራዝ አለ፣ የእርዳታ ስንዴ የመጣበት ጆንያ አለ፣ አፉ የተሸራረፈ የብረት ኩባያ አለ። በሩ አጠገብ፣ የተከመረ አሸዋ ላይ፣ እስከ ባለፈው ዓመት አፈ ሰፊ ጥቁር ማሰሮ ተቀምጦ ነበር። ሌላው ዕቃ ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ ማሰሮው ግን ሁልጊዜ ውሃ ሙሉ ነበር።

ቤቱ ላይ የጎደለው ጉልላት ብቻ ነበር።

ጉልላት የሚሰቀለው ቤት ሲያልቅ ነው። የምሰሶው ጫፍ ከክዳኑ በላይ ብቅ ባለበት ላይ ማሰሮ ይደፋበታል፤ ያኔ ዝናቡ በምሰሶው ተንቆርቁሮ አይወርድም፣ ቤቱም ባለቤት እንዳለው ይታወቃል። የእኛ ሰዎች ግን በመጀመሪያው ዓመት አንድም ጉልላት አልሰቀሉም። ተማክረው አይደለም። ቤቱ አለቀ ማለት እዚሁ ልንቀር ነው ማለት ስለሆነባቸው ነው። ክረምቱ ገባና በየቤቱ በምሰሶው ላይ ውሃ ወረደ። አባወራዎቹ ከነልጆቻቸው እየራሱ፣ ስለ ዝናቡ አንስተው አያወሩም ነበር። ዓመቱ ሲደጋገም፣ የሞተውም እዚህ ሲቀበር፣ ሕፃኑም እዚህ ሲወለድ፣ አንዱ ሰቀለ፤ ሌላውም እሱን አይቶ ሰቀለ። አባቴ ብቻውን ቀረ። «የእኔ ጉልላት ያለው ደላንታ ነው» ይል ነበር አሉ።

በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰው ወደ አገሩ ተነሣ። እኔ ገና ጡት አልጣልኩም፤ ወባ ይዞኝ ከሞት አፋፍ ነበርኩ። ስለዚህ እናቴ ቀረችና አባቴ ብቻውን ተነሣ። «መሬታችን አለ ወይስ ተወስዷል፣ አይቼ ልምጣ» አለ። ጠዋት ከማሰሮው ውሃ ቀድቶ ቆሞ ጠጣ። መንገዱ ዳር ሲደርስ ዞር ብሎ የተደረደሩትን ጎጆዎች አያቸውና፣ «ስመለስ በምን እለየዋለሁ?» አላት፣ በስካሩ ነገር በራሱ ላይ እየቀለደ። እናቴ እኔን እንዳዘለች፣ «ጉልላት የሌለው የኛ ነው» አለችው። ሳቀ። «እንግዲያው ማንም እንዳይነካው፤ ስመለስ እኔው እሰቅለዋለሁ» አላትና ሄደ።

ስለ አባቴ ያለኝ ይኸው ነው። ፎቶ እንኳ የለውም። እናቴ ግን ያችን ቀልድ እንደ ቃል ኪዳን ያዘቻት።

አሁን ስለ እሷ ላውራ፤ ስለ ሄደው ሰው መንደሩ ሁሉ ሲያወራ ኖሯል።

እናቴን ከዚህ አገር ጋር ያስተዋወቀቻት አርያት የምትባል የአገሬው የአኙዋ ሸክላ ሠሪ ናት። አርያት ነፍሷን ይማርና፣ በመጀመሪያው ዓመት እናቴ ፀሐይ ላይ ከዋለ በርሜል ትኩስ ውሃ ስትጠጣ አየቻት። በማግስቱ ይህን ማሰሮ በራሷ ተሸክማ መጣች፣ አሸዋ ከምራ አስቀመጠችላት፣ ውሃ ሞላችበትና ራቅ ብላ ተቀመጠች። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ውሃው ሲቀዘቅዝ እናቴ ቀመሰችና አለቀሰች። ደላንታን ደላንታን አለኝ ትላለች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አልተለያዩም። የደላንታ ሰው ዓሣ ነክቶ አያውቅም፤ አርያት ዓሣ ስትጠብስ እናቴ አፍንጫዋን ይዛ ትሸሽ ነበር። ዛሬ እንደ እናቴ አድርጎ የዓሣ አጥንት የሚለቅም ሰው ጋምቤላ ውስጥ አላየሁም። አገሩ በተረበሸባቸው ቀኖችም አርያት እኔንና እናቴን ቤቷ አስገብታ አስጠልላናለች።

አባቴ ዛፍ መትከል አይወድም ነበር። ዛፍ የተከለ ሰው እዚያው ይቀራል ይል ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ እናቴ በሩ ፊት ለፊት ማንጎ ተከለች። «ሲመጣ መቆጣቱ አይቀርም» አለች፣ «ግን ይበላል።» ማንጎው አድጎ ፍሬውን ለአላፊ አግዳሚ እየሸጠች አስተማረችኝ። እሱ ግን መጥቶ አልተቆጣም።

በመንደራችን ደንብ ጉልላት የሚሰቅለው አባወራው ነው። ሌላ ወንድ ከሰቀለው፣ ቤቱ የእሱ ሆነ ማለት ነው። ለእናቴ ቤት ክዳን ለውጥ መንደሩ በደቦ ይወጣል፤ ሣሩን አልብሰው አናቱ ጋ ሲደርሱ ግን ሁሉም ዝም ብለው ይወርዳሉ። አቶ ዕዝራ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤት ነበረን። አንድ የገበያ ቀን አዲስ ማሰሮ በብብቱ ይዞ መጣ። ምን ፈልጎ እንደመጣ መንደሩ ሁሉ ገባው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ሲሉ ነበር የምሰማው፤ አንተ ጭራሽ ጣራው ላይ ልትወጣ ነው?» አለችው። አቶ ዕዝራ ማሰሮውን እንደያዘ ተመለሰ። ደግ ሰው ነው። ምነው አባት በሆነኝ ብዬ በልቤ ተመኝቼዋለሁ።

ስፌት ቤቱን ከፍቼ ትንሽ ስተነፍስ ደላንታ ሄድኩ። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። የአባቴ ዘመዶች አቅፈውኝ አለቀሱ፤ ውቤን ግን ለሰፈራ ከተወሰደ ወዲህ ዓይኑን አላየነውም አሉኝ። አንዱ መንገድ ላይ ታሞ ቀርቷል ሲሉ ሰምቻለሁ ይላል፤ ሌላው ሱዳን ገብቷል ይላል። እኔ የራሴ ግምት አለኝ፤ አንዱ ከተማ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ሌላ ልጅ አቅፎ ተቀምጧል እላለሁ። ሞቷል ከማለት ይህ ይሻለኛል፤ ቢያንስ የምቆጣው ሰው ይኖረኛል።

ተመልሼ ለእናቴ ነገርኳት። በቆሎ ትፈለፍል ነበር።

«እማዬ፣ ደላንታ አልደረሰም» አልኳት።

እጇ አላቆመም። «ገና አልደረሰም ማለት ነው» አለች።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልላት አፌ ላይ መጣና ዋጥኩት። ወጥቼ ማንጎው ሥር ቆሜ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም።

ቆርቆሮ ቤት ሠራሁላት፣ ከጎጆው አጠገብ፣ ሲሚንቶ ወለል ያለው። ትተኛበታለች እንጂ አትኖርበትም። ዶሮ ሲጮህ ተነሥታ «ሥራ ገባሁ» ትልና ጎጆው ትገባለች። ጠርጋ በሩ ላይ ትቀመጣለች፤ እስከ ባለፈው ዓመት ማሰሮውንም አጥባ አዲስ ውሃ ትሞላ ነበር። ሙዚየም ከሆነ በኋላም ይህንኑ ነው የምታደርገው፤ አሁን ትንሽ ደሞዝ ስላላት ብቻ የሠራተኛ ኩራት ጨምራለች።

ሙዚየሙን የሚመራው ዴቪድ የአርያት የመጨረሻ ልጅ ነው። ተምሮ መጥቶ ቢሮው ውስጥ ተቀጠረ፤ ቤቱን ከመፍረስ ያዳነው የእሱ ጭቅጭቅ ነው። መጀመሪያ ላይ ከማሰሮው አጠገብ «አይንኩ» የሚል ሰሌዳ አቆመ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችምና ምን እንደሚል ጠየቀችው። ሲነግራት፣ «ጎብኚ አይንካ፤ መንገደኛ ግን ይጠጣ» አለችው። ዴቪድ ሰሌዳውን ወስዶ ቀንበሩ አጠገብ አቆመው። ተማሪዎች እየመጡ፣ «እማማ፣ ይሄ ቤት ለምን ጉልላት የለውም?» ይሏት ነበር። «ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው» ትላቸው ነበር። አንድ ጊዜ አብሯቸው የመጣ መምህር ሞቱን በትሕትና የነገረችው መስሎት፣ «ነፍስ ይማር» አላት። የዚያን ዕለት ሌላ ጎብኚ ሳታነጋግር ዋለች።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሊጀምር ሲል ዴቪድ አናጢ አምጥቶ ምሰሶውን አስፈተሸ። አባቴ ጫካ ገብቶ የቆረጠው እንጨት ነው፤ ብዙ ችሏል። ከጫፉ የሚገባው ውሃ ግን ወደ ታች እየበላው መጥቶ ነበር። እናቴ ከሥሩ ሳፋ ታስቀምጣለች እንጂ ላዩ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ አላየችም። አናጢው ሲያንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ዴቪድ አጠገቧ ቁጢጥ አለና፣ «እማማ፣ ይሄ እንጨት ላዩ ሞቷል። እኛ ከሥር ደግፈን፣ የሞተውን ቆርጠን አዲስ እንቀጥላለን። ግን ጉልላት ከሌለ ውሃው ይመለሳል። ቤቱ ሌላ ክረምት አይችልም» አላት።

እናቴ ስልኳን አነሣች። ደወለችልኝና፣ «ነይማ» ብቻ አለችኝ።

የጀመርኩትን ካባ የስፌት መኪናው ላይ ትቼ ሄድኩ። ጎጆው ውስጥ ምሰሶውን ተደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት። ሳፋው ባዶውን አጠገቧ አለ።

«ጉልላት ይሰቀል አሉኝ» አለች።

«ይሰቀላ።»

«ከተሰቀለ በምን ይለየዋል?»

ቁጣዬ መጣ። ሳድግ ሁሉ ስውጠው የኖርኩት ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ። «እማዬ፣ እሱ አይመጣም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ቢኖር እንኳ ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑም ይህን መንገድ አያይ ይሆናል። አንቺ ለማን ነው የምትኖሪው?» አልኳት። ቀጥዬ ብዙ ልናገር ነበር፤ ፊቷን ሳየው አቆምኩ። አልተቆጣችም። እንደ ድሮው፣ ወባ ይዞኝ ስቃዥ ታየኝ እንደነበረው አየችኝ።

«ይመጣል መቼ አልኩሽ አንች ልጅ?» አለች። «እኔ ሰው ሸኝቻለሁ። ብትመለስ ታገኘኛለህ፣ ቤትህም አለ ብዬ ነው የሸኘሁት። መምጣቱ የእሱ ነው። ቤቱ እንዳይታጣ ማድረግ የእኔ ነው።»

«ታዲያ ቤቱ ከወደቀ ምኑን ያገኛል?»

ይህን ያልኩት ክርክሩን ለማሸነፍ ነበር። እናቴ ግን ወደ ላይ፣ ብርሃን ወደሚገባበት የክዳኑ አናት ቀና ብላ ቆየች። ናፍቆቷን ያን ቀን አየሁት። እስከዚያ ድረስ ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

«ጎረቤቱ ሁሉ አሁን ቆርቆሮ ነው አይደል?» አለች።

«ሁሉም።»

«ሣር ቤት የኛ ብቻ ነው የቀረው።»

«አዎ፣ እማዬ።»

ወደ በሩ ዞረች። «ማሰሮዋን ደግሞ ያውቃታል» አለች።

ምሰሶው በተጠገነ ቀን መንደሩ ወጣ። ወንዶቹ ቤቱን በአራት በኩል ደግፈው የበሰበሰውን ጫፍ ቆረጡ፣ አዲስ ጠንካራ እንጨት አጋጥመው በብረት አሰሩት፣ አናቱን በአዲስ ሣር አለበሱት። ከዚያ እንደ ወትሮው ሁሉም ወረዱ። ዴቪድ ከጋምቤላ ገበያ አዲስ ማሰሮ ገዝቶ መጥቶ ነበር። እናቴ አየችውና፣ «ይህን አዲስ ቤት ለምትይዝ ሙሽራ ስጥልኝ፤ የእኔ እዚሁ አለኝ» አለችው። ያለችው የእናቱን ማሰሮ እንደሆነ ሲያይ ዴቪድ ጭንቅ አለው፤ የሙዚየም ዕቃ ነዋ። ትንሽ ራሱን አከከና፣ «ጣራውም የሙዚየሙ ነው» አለ።

እናቴ ማሰሮው ውስጥ የነበረውን ውሃ በብረት ኩባያው እየቀዳች መጀመሪያ ለዴቪድ፣ ቀጥላ ለአናጢዎቹ፣ ከዚያ በምርኩዝ ቆሞ ለሚያየው ለአቶ ዕዝራ ሰጠች። መጨረሻ ለእኔ ሰጠችኝ። ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር። የተረፈውን ተሸክማ ሄዳ ማንጎው ሥር አፈሰሰችው፣ ማሰሮውንም በነጠላዋ ውስጥ ለውስጥ ወለወለችው። ከተወለድኩ ጀምሮ ደርቆ አይቼው አላውቅም።

ዴቪድ መሰላሉ ላይ እግሩን አሳረፈ።

«አንተ ልጄ ነህ፣ ግን ቆይ» አለችው እናቴ። ወደ እኔ ዞረች። «እኔው እሰቅለዋለሁ ብሎ ነበር። ከእሱ የቀረኝ አንች ነሽ።»

«ሴት ጣራ ላይ?» አለ አቶ ዕዝራ።

«ባለቤቱ ሲቀር ልጁ ትወጣለች» አለችው። አቶ ዕዝራ ምርኩዙን ጥሎ መሰላሉን በአንድ በኩል ያዘልኝ፤ ዴቪድ በሌላው በኩል ያዘ።

ቀሚሴን ወገቤ ላይ አስሬ ወጣሁ። ዴቪድ ከኋላዬ ወጣ ብሎ ማሰሮውን አቀበለኝ። በሁለት እጄ ገልብጬ ምሰሶው ላይ ደፋሁት፤ ትንሽ አንገራገረና ተቀመጠ። እጄ ግን ለመልቀቅ እምቢ አለኝ። አባቴ ቢኖር አሁን እኔ ባለሁበት ቆሞ ነበር፣ ከእናቴ ጋር እየተቀላለደ። እሱን አስቤ ሳልቆጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ናፈቀኝ። የማላውቀው ሰው ናፈቀኝ።

ከላይ መንገዱ በሙሉ ይታያል። ከአልዌሮ ግድብ በኩል ሩዝ የጫነ መኪና አቧራ እያስነሣ ያልፋል፣ ባጃጅ ይከተለዋል። ከእነሱ ኋላ፣ ከሩቅ፣ ጥቅል ነገር በትከሻው የያዘ ሰው ብቻውን በእግሩ ይመጣል። ሽማግሌ ይሁን ወጣት አይለይም። የሰፈሩ ሰው ይሆናል፣ ወይ ወደ ቀጣዩ መንደር ታጣፊ። እኔ አባቴን ጠብቄ አላውቅም።

«ቤርሳቤ፣ ከመንገድ ይታያል?» አለች እናቴ ከታች።

«ይታያል፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ውረጂ።»

ትንሽ ቆየሁ። ሰውየው ገና መታጠፊያው ጋ አልደረሰም ነበር።